ዱቲ እየገቡ ዲግሪ፦ የወሎ ነርሶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በዲፕሎማ (በደረጃ አራት) ተመርቀው ለሚሠሩና ሥራቸውን ሳይለቁ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ለሚፈልጉ ነርሶች ነው። እኔ የምሠራው ደሴ ነው። ጥያቄው ግን ከቆቦም፣ ከመርሳም፣ ከሐይቅም፣ ከአቀስታም፣ ከባቲም ይመጣል። ብዙው ሰው የሚጠይቀው «ትምህርቱ ይከብዳል ወይ?» ብሎ ነው። ይከብዳል፣ ግን ሰው የሚቀረው በሱ አይደለም። መሀል መንገድ ላይ የሚያስቀሩት ሰዓትና ወረቀት ናቸው። ስለዚህ መልሶቼ ወደነዚህ ወደ ሁለቱ ያደላሉ።

ነርሲንግን በኦንላይን ብቻ ተምሮ ዲግሪ መያዝ ይቻላል?

«ብቻ» ካላችሁ አይቻልም።

ንድፈ ሐሳቡ በስክሪን ይሄዳል። የነርሲንግ ቲዮሪ፣ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ አመራርና አስተዳደር፣ የምርምር ዘዴ፣ የሙያ ሥነ ምግባር፣ ሁሉም በቪዲዮና በሞጁል መማር የሚቻል ነው። ተግባሩ ግን አልጋ ይፈልጋል፣ ታካሚ ይፈልጋል፣ ከኋላ ቆሞ «ቆይ፣ እንደገና አሳዪኝ» የሚል አስተማሪ ይፈልጋል። የጨጓራ ቱቦ ስታስገቡ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ፣ ከዚያ እስከ ደረት አጥንት ጫፍ ትለካላችሁ። ይህን ቪዲዮ ያሳያችኋል። ታካሚው ድንገት ሲያስልና ፊቱ ሲለዋወጥ እጅን ማቆም፣ «ወደ ሳንባ እየሄደ ይሆን?» ብሎ መጠርጠር ግን አልጋው አጠገብ ነው የሚለመደው።

ስለዚህ «ኦንላይን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ አታችመንቱ (ሆስፒታል ገብቶ የሚደረገው የተግባር ልምምድ) የት ነው? ስንት ሳምንት ነው? የሚቆጣጠረው ማን ነው? «አታችመንት የለውም፣ አብሽሩ» ካሏችሁ ስልኩን ዝጉት።

ኦንላይን፣ ርቀት፣ ኤክስቴንሽን… ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ኤክስቴንሽን በአካል ተገኝቶ በማታ ወይም ቅዳሜና እሑድ መማር ነው። ርቀት ሞጁል ይዞ ራስን ማስተማርና በቀጠሮ ለቱቶሪያልና ለፈተና መሄድ ነው። ኦንላይን ደግሞ ክላሱም፣ አሳይመንቱም፣ አንዳንዴ ፈተናውም በኢንተርኔት ሲሆን ነው። በተግባር ሦስቱ ይቀላቀላሉ። ስሙ ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ እውቅናው የተሰጠው ለየትኛው እንደሆነ ግን በጣም ያስጨንቃችሁ።

ተቋሙ እውቅና እንዳለው በምን አውቃለሁ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብር የሚበላው እዚህ ጋ ነው።

በኢትዮጵያ ለከፍተኛ ትምህርት እውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። እውቅናው ለተቋሙ ስም በጅምላ አይሰጥም። ለፕሮግራሙ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ተለይቶ ነው የሚሰጠው። አንድ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ ነርሲንግን በመደበኛ እንዲያስተምር ተፈቅዶለት ይሆናል። ይህ ማለት ግን ደሴ ቅርንጫፉ ላይ በኦንላይን እንዲያስተምር ተፈቀደለት ማለት አይደለም። በስልክ ስትጠይቋቸው «አዎ፣ እውቅና አለን» ይላሉ። ውሸትም ላይሆን ይችላል። እናንተ የምትገቡበት ፕሮግራም ግን ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ለነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ለዚህ ካምፓስ፣ በዚህ አሰጣጥ የተሰጣችሁን የእውቅና ደብዳቤ አሳዩኝ።» ደብዳቤው ላይ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ከዚያ ባለሥልጣኑን ራሱን ጠይቁና አመሳክሩ። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ሬጅስትራር ካጋጠማችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ሌሎች የማስጠንቀቂያ ምልክቶችም አሉ። ያለ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ) እንመዘግባለን የሚሉ። በጣም ባጠረ ጊዜ እናስመርቃለን የሚሉ። ክፍያን በተቋሙ አካውንት ሳይሆን በግለሰብ ስም አስገቡ የሚሉ። ከሁሉም በላይ የምተማመነው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከዚያ ፕሮግራም የተመረቀ ነርስ ፈልጉና «በዲግሪህ የሙያ ፈቃድ አወጣህ ወይ?» በሉት። ሰው አፈላልጎ ማግኘት ወሎ ውስጥ አይከብድም፤ ሁለት ቡና ይበቃል።

የአዲስ አበባ ማስታወቂያ ከማሳደዳችሁ በፊት የቅርቡን አንኳኩ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርቱ ደሴ ካምፓስ ነው። በሰሜን በኩል ላላችሁ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ምዕራቡን ይዞ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አለ። በየዓመቱ የሚከፍቱት ፕሮግራምና የሚያስተምሩበት ሰዓት ስለሚለያይ፣ ጓደኛችሁ ከሦስት ዓመት በፊት በነገረቻችሁ አትሂዱ፤ የዘንድሮውን ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡ።

ምን ምን ወረቀት ማዘጋጀት አለብኝ?

የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የዲፕሎማው ማስረጃና ትራንስክሪፕት፣ የደረጃ አራት ሲኦሲ፣ የሙያ ፈቃድ፣ ከመሥሪያ ቤት የሥራ ልምድ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ በቀጥታ ነው የሚላከው፤ እሱን ማስላክ ከምትገምቱት በላይ ጊዜ ይፈጃል። ምዝገባ ሲከፈት መሮጥ አያዋጣም። የመግቢያ መስፈርቱ በመመሪያ ስለሚቀያየር በዚያው ዓመት የወጣውን ዝርዝር በጽሑፍ ውሰዱ።

ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ተጽፎ እንደሆነ ዛሬውኑ እዩ። በአንዱ «መሐመድ»፣ በሌላው «ሙሐመድ»፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ በሦስተኛ ፊደል የተጻፈ ስም ስንቱን ሲያንከራትት አይቻለሁ። በምረቃ ሰሞን ከማስተካከል አሁን ማስተካከል ይቀላል።

ማስረጃዬ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል። አሁን ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ሌላ ቦታ ብዙ ላይጠየቅ ይችላል፤ እኛ ጋ ግን የየሳምንቱ ነው። ወልድያና አካባቢው ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በጦርነት ውስጥ ነበሩ። ቤት የተዘረፈበትም፣ ቢሮው ከነማኅደሩ የወደመበትም አለ።

መጀመሪያ የመጥፋት ማስረጃ ከፖሊስ አውጡ። ቀጥሎ የተማራችሁበት ኮሌጅ ሬጅስትራር ጋ ሄዳችሁ ምትክ ጠይቁ። የኮሌጁም መዝገብ ከተጎዳ ተስፋ አትቁረጡ፤ ወረቀታችሁ ሌላ ቦታ ቅጂ አለው። ስትቀጠሩ ያስገባችሁት ቅጂ በሰው ኃይል ማኅደራችሁ ውስጥ ነው። ዝውውር ያደረጋችሁ ከሆነ የድሮው ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትም ይኖረዋል። የሙያ ፈቃድ ስታወጡ የሰጣችሁት አለ። ሲኦሲ የፈተናችሁ አካልም ስማችሁንና ውጤታችሁን መዝግቦ ይዟል። ከእነዚህ የተገኘውን ቅጂ እያያያዙ ነው ዋናውን የሚያስመልሱት። አድካሚ ነው። ግን በአንድ ቦታ «የለም» ስለተባላችሁ የለም ማለት አይደለም።

የተገኘውን ሁሉ ስካን አድርጉና ኢሜይላችሁም ቴሌግራማችሁም ላይ አስቀምጡ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ሥራዋን ሳትለቅ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ዲግሪዋን ያዘች። እኔስ የአሜሪካኑን ከደሴ ሆኜ ብማረው?

የእህታችሁ ነገር እውነት ነው፤ ግን መነሻዋ ከእናንተ ይለያል።

እዚያ በብዛት በኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ገደማ ተምረው፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና አልፈው፣ ፈቃድ ያላቸው ነርስ ሆነው ይሠራሉ። የኦንላይኑ ፕሮግራም የተዘጋጀው ለእነሱ ነው። መሠረታዊውን የአልጋ ዳር ልምምድ ቀድመው ስለጨረሱ የቀራቸው በአብዛኛው ንድፈ ሐሳብ፣ ምርምር፣ አመራርና የማኅበረሰብ ጤና ነው። ስለዚህ በስክሪን ይሆናል። የመግቢያው የመጀመሪያ መስፈርት ደግሞ በአሜሪካ ግዛት የተሰጠ፣ የሚሠራ የነርስ ፈቃድ ነው። እሱ ከሌለ በሩ አይከፈትም።

እዚያ ሰው ለምን ወደዚህ እንደጎረፈም ማወቅ አይከፋም። በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ሪፖርት እስከ 2020 ድረስ ከነርሶቹ 80 ከመቶው ባለ ዲግሪ እንዲሆኑ መከረ። ኒውዮርክ ደግሞ በ2017 መጨረሻ አዲስ የሚገቡ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ ዲግሪ እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቀች። እህታችሁን የገፋት ይህ ዓይነቱ ነገር ነው።

በፌስቡክ «የአሜሪካ የነርሲንግ ዲግሪ ከቤትዎ» የሚል ነገር ካያችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። እዚያ አገር የነርሲንግ ፕሮግራምን ከሚመዝኑት፣ ከሲሲኤንኢ ወይም ከኤሲኢኤን፣ እውቅና አለው? የአሜሪካ ፈቃድ የሌለኝን እኔን ለምን ትቀበላላችሁ? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙዎቹን ዝም ያሰኛቸዋል። ከውጭ የተገኘ ዲግሪ እዚህ ለሥራ እንዲያገለግል ደግሞ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ማግኘት አለበት።

ዱቲ እየገባሁ እንዴት ነው የምማረው?

ከመመዝገባችሁ በፊት ሮስተራችሁን (የሥራ ተራችሁን) አስተካክሉ። ይህን በቅደም ተከተል ነው የምለው፦ መጀመሪያ ማትሮኗ (የነርሶች ኃላፊዋ)፣ ቀጥሎ ባንኩ። ብር ከፍሎ ከዚያ «ፈቃድ ስጡኝ» ማለት አለቃን ጥግ ማስያዝ ነው፤ ማንም አይወደውም።

ስትሄዱ «እየተማርኩ ስለሆነ ይተባበሩኝ» ብላችሁ አትሂዱ። ይህ ለማትሮኗ ራስ ምታት ነው። የተሠራ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ «ሲስተር፣ ቅዳሜ ጠዋት ክላስ አለኝ። በምትኩ የእሑድን ናይት እኔ ልግባ። እገሌን አነጋግሬያታለሁ፣ ተስማምታለች።» እንዲህ ስትሏት የሚቀራት መፈረም ብቻ ነው። የፈተናና የአታችመንት ሳምንታትንም ገና በሴሚስተሩ መጀመሪያ በደብዳቤ አስገቡና ቅጂውን አስቀሩ። በአፍ የተሰጠ ፈቃድ ማትሮኗ ስትቀየር አብሯት ይሄዳል።

«ናይት ላይ አነባለሁ» የሚለው ዕቅድ ግን አይሠራም። ሌሊት 6 ሰዓት መድኃኒት ትሰጣላችሁ፣ ቫይታል ሳይን ትወስዳላችሁ፣ ቻርት ትጽፋላችሁ። ስትቀመጡ 7 ከሩብ ሆኗል። ሞጁሉን ትከፍታላችሁ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳላችሁ የ9 ቁጥር አልጋ አስታማሚ በሩ ላይ ቆማ «ሲስተር፣ ጉሉኮሱ አለቀ» ትላለች። ሄዳችሁ ቀይራችሁ ስትመለሱ ከየት እንዳቆማችሁ ጠፍቷችኋል። እንደገና ከላይ። ከዚያ ድንገተኛ ይገባል። መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለን ለታካሚው እንጂ ለሞጁሉ አይደለም። ናይት ላይ የሚቻለው ቀላሉ ነገር ነው፦ የታወቀ ነገር መከለስ፣ የምርጫ ጥያቄ መሥራት። አዲስ ምዕራፍ ናይት ወጥታችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። «ተኝታችሁ» የሚለውን አትዝለሉት። እንቅልፍ ያጣ ነርስ የመድኃኒት መጠን ይሳሳታል።

እኛ ጋ ያለ አንድ ትልቅ ሀብት አለ፤ በዓል መቀያየር። በገናና በፋሲካ ሙስሊሞቹ ይሸፍናሉ፣ በዒድ ክርስቲያኖቹ ይሸፍናሉ። በረመዳን የማፍጠሪያ ሰዓት ላይ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ አለሁ» መባባል የወሎ ዋርድ ወግ ነው። ይህን ብድር ለፈተና ሳምንት አጠራቅሙት። የሰውን ዒድ ያልሸፈነ ሰው ግን ለሚድ ኤግዛም ምትክ ቢፈልግ ማንም አያነሳለትም፣ እውነቱ ይኸው ነው።

ወቅቱንም አስቡ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ነው፤ አምባሰል አካባቢ ያለ ነርስ በዚያ ሳምንት ለተሳላሚው አገልግሎት ሊመደብ ይችላል፤ ትምህርት የሚጀምረውም በዚያው ሰሞን ነው። ላሊበላ ያላችሁ የታኅሣሥ መጨረሻን ታውቁታላችሁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ቆቦ፣ ባቲ፣ ቃሉና ሌላውም ቆላ ወባ የሚበዛበት ጊዜ ነው። የኮርስ ብዛት መምረጥ ከቻላችሁ በእነዚህ ወራት ቀለል አድርጉ።

ኔትወርክና መብራት ሲጠፋስ?

ይጠፋል፤ እንደሚጠፋ ቆጥራችሁ ነው መጀመር ያለባችሁ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምታስታውሱት ነው። ያኔ በኦንላይን የሚማር ሰው ምን ላይ ወድቆ እንደነበር መገመት አያቅትም።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ኔትወርክ ቢቋረጥ የአሳይመንት ማስገቢያ ቀን ይራዘማል? ክላሱ ተቀርጾ ይቀመጣል? ፈተናውን በአካል መውሰጃ ቦታ አለ? መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ተቀርጾ የማይቀመጥ የዙም ክላስ ለዱቲ ሰው አይሆንም፤ በሰዓቱ መገኘት የሚችል ነርስ እኮ መጀመሪያውኑ ኤክስቴንሽን ይገባ ነበር።

ኔትወርክ ባገኛችሁ ሰዓት የሴሚስተሩን ሞጁልና ቪዲዮ አንድ ላይ አውርዱ። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ለዚህ ይሆናል። ዋና ዋናውን አሳትሙ። የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፋይሉን አሳንሶ የሚለቅ አንድ ደግ ሰው አይጠፋም፤ ከሌለ እናንተ ሁኑ። ፓወር ባንክ ግዙ።

ኮምፒውተር የለኝም። ስልክ ይበቃል?

ለማንበብና ክላስ ለመከታተል ይበቃል። ሪሰርች ስትጀምሩ ግን አይበቃም፤ በስልክ ሠንጠረዥ መሥራት ዓይንም ትዕግሥትም ይጨርሳል። ያገለገለ ላፕቶፕ ለሁለት ሆኖ መግዛት አንዱ መላ ነው። ዱቲያችሁ የማይገጥም ሁለት ሰዎች ብትሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይመቻል።

ከትምህርት ከራቅሁ ቆየሁ። ሒሳቡና እንግሊዝኛው ያስፈራኛል።

ሐኪሙ 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ብሎ ያዛል። እጃችሁ ላይ ያለው የፈሳሽ ማውረጃ ቱቦ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ነው። 1000 በ20 ታባዛላችሁ፣ ለ480 ደቂቃ ታካፍላላችሁ፣ በደቂቃ 42 ገደማ ይመጣል። ከዚያ ሰዓታችሁን እያያችሁ ጠብታ ትቆጥራላችሁ። ይህን በየቀኑ የሚሠራ ሰው አማካይና መቶኛ አይከብደውም። የሚከብደው ስሙ ነው፤ ስሙ ደግሞ በሁለት ሳምንት ይለመዳል።

እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። ቻርት የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። የሚጎድለው ረጅም ጽሑፍ የማንበብ ልምድ ነው። በቀን አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ልጆቻችሁ ይስቁባችሁ ይሆናል።

አታችመንቱን እኔው በምሠራበት ሆስፒታል ላድርግ?

ሆስፒታሉ ከትምህርት ተቋሙ ጋር ስምምነት ካለው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የዱቲ ሰዓት እንደ አታችመንት አይቆጠርም። ሎግ ቡክ (የሠራችሁት የሚመዘገብበት ደብተር) አለ፣ የሚፈርም ሱፐርቫይዘር አለ፣ በዚያ ሰዓት ተማሪ ናችሁ።

የእኔ ምክር ከምታውቁት ክፍል ውጡ ነው። ጤና ጣቢያ የከረመ ነርስ ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ማሽኑ ሁሉ ይጮኽበታል። በሳምንቱ ግን የትኛው ጩኸት እንደሚያስሮጥና የትኛው የላላ ሽቦ እንደሆነ ይለያል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዓይንና ቆዳ ላይ የምታዩትን ሌላ ቦታ በቀላሉ አታገኙትም። አሥር ዓመት የሠራችሁበት ዋርድ ውስጥ አታችመንት ብትወጡ ሎግ ቡኩ ይሞላል፣ እናንተ ግን በገባችሁበት ትወጣላችሁ።

ሪሰርቹን ማን ያግዘኛል?

አማካሪ ይመደብላችኋል። ጥያቄውን መምረጥ ግን የእናንተ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚንሸራተተውም እዚያ ጋ ነው። «የደም ግፊት በወሎ» ብሎ የሚነሳ አለ። ይህ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። አጥብቡት። ዋርዳችሁ ውስጥ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ከገባላቸው ታካሚዎች ስንቶቹ ደም ሥራቸው ተቆጣ? ካኑላው ከ72 ሰዓት በላይ የቆየባቸውስ? የገባበት ቀን ፕላስተሩ ላይ ተጽፏል? ይህን ሁለት ወር ተከታትሎ መመዝገብ የአንድ ነርስ አቅም ነው። ውጤቱ ደግሞ በማግሥቱ እዚያው ዋርድ ላይ ይሠራበታል።

የናሙና ብዛት ላይ ሰው ሁሉ 423 ይጽፋል። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። የሚጠናው ነገር ስርጭት 50 ከመቶ፣ የስሕተት ወሰኑ 5 ከመቶ ተብሎ ሲሰላ 384 ይመጣል፤ መልስ የማይሰጡ ይኖራሉ ተብሎ 10 ከመቶ ሲጨመርበት 423 ይሆናል። ነገር ግን በጥናቱ ጊዜ ወደ ዋርዳችሁ የሚገባው ሰው 200 ብቻ ከሆነ 423 ከየት ታመጣላችሁ? ለትንሽ ቁጥር የሚሆን ማስተካከያ አለ፤ በሱ 384ቱ ወደ 132 ይወርዳል። ዲፌንስ ላይ (ጥናታችሁን ቀርባችሁ ስትከላከሉ) ፈታኙ «ለምን ይህን ቁጥር መረጥሽ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በር «ሪሰርች እንሠራለን» ተብሎ የተለጠፈውን እለፉት። ቻትጂፒቲም ቢሆን ሰዋስው ያቃናል፣ ያልገባችሁን ያብራራል፤ የሌለ ጥናት ከነደራሲው ፈጥሮ ሲጠቅስም ይገኛል። ያላነበባችሁትን ጽሑፍ በማጣቀሻ አታስገቡ።

ዳታ መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት የሥነ ምግባር ማረጋገጫና የሆስፒታሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። የምትሠሩበት ቦታ ቢሆንም ያስፈልጋል።

ክፍያውን እንዴት ልቻለው?

የሴሚስተሩን ክፍያ ብቻ አትቁጠሩ። ትራንስፖርት፣ ኅትመት፣ ዳታ፣ በአታችመንት ወቅት የሚቀር የዱቲ ክፍያ፣ የሪሰርች ወጪ አለ። ዱቲ ክፍያው መቅረቱን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ወሩ ሲደርስ ነው። ዕቁብ ያላችሁ ዕጣችሁ ከምዝገባ ወር ጋር እንዲገጥም ዳኛውን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ክፍያ በየወሩ ይቻል እንደሆነም ጠይቁ።

በመሥሪያ ቤት ስፖንሰርነት የመማር ዕድል ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ከተመረቃችሁ በኋላ የምታገለግሉበት የውል ግዴታ አለው። ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። ከወሎ የመልቀቅ ሐሳብ ያለው ሰው በተለይ።

ከጨረስኩ በኋላ ስንት ፈተና አለ?

ሁለት። አንዱ የትምህርት ሚኒስቴር የመውጫ ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የተጀመረው ይህ ነው፤ ለማለፍ 50 ከመቶ ማምጣት ያስፈልጋል፣ የሚሰጠውም በኮምፒውተር ነው። ሌላው በጤና ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ብቃት ምዘና ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

የሥራ ልምድ እዚህ ይረዳል፣ አንዳንዴም ይጎዳል። «እኛ ጋ እንደዚህ ነው የምናደርገው» የሚለው መልስ ከምርጫዎቹ ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ ሁልጊዜ ግን ትክክል አይደለም። ዋርዱ ውስጥ በዕቃ እጥረት የምንዘለውን ደረጃ ፈተናው አይዘለውም።

በኢንተርኔት የምንወስዳቸው የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ሥልጠናዎች ለዲግሪው ይያዙልኛል?

አይያዙም። እነሱ የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ ናቸው።

ዲግሪ ስይዝ ደመወዜ ወዲያው ያድጋል?

ወዲያው አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚከተለው መደቡን ነው። ማስረጃችሁን በማኅደራችሁ ታስገባላችሁ፣ ክፍት መደብ ሲወጣ ትወዳደራላችሁ። አንዳንድ ቦታ ይህ በቶሎ ይሆናል፣ አንዳንድ ቦታ በጀት ይጠበቃል። ከመጀመራችሁ በፊት ሰው ኃይል ክፍል ሄዳችሁ «የባለ ዲግሪ ነርስ መደብ ስንት ነው፣ ስንቱ ክፍት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ደስ ባይላችሁም ማወቁ ይሻላል።

40 ዓመት አልፎኛል፤ አልዘገየሁም?

አልዘገያችሁም። ጡረታ በ60 ነው።

ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጀምር ወይስ ልጠብቅ?

የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው። «ያኔ ቤት ስለምሆን በደንብ አነባለሁ» የምትል እህት ካለች አራስ ቤት የነበረች ጓደኛዋን ትጠይቅ። ገንፎው ይደርሳል፣ ጠያቂው ይመጣል፣ ቡናው ይፈላል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ሞጁሉ ትራስ ስር ይቀራል።

የንድፈ ሐሳቡን ሴሚስተር በእርግዝናው መጀመሪያና መካከል መውሰድ ይቻላል። አታችመንትን ግን ወደ መጨረሻዎቹ ወራት አታድርጉት፤ ቀኑን ሙሉ መቆምም፣ የቲቢ ክፍል መግባትም ለዚያ ጊዜ አይሆንም። መውለጃችሁ ከሴሚስተር ጋር ከተጋጨ በጊዜው የዊዝድሮዋል (ትምህርትን ለጊዜው የማቋረጫ) ፎርም ሞልታችሁ፣ አስፈርማችሁ፣ ቅጂውን ይዛችሁ ውጡ። እንዲህ የወጣ ሰው ተመልሶ ይቀጥላል። ፎርሙን ሳትሞሉ ዝም ብላችሁ ከቀራችሁ ግን የዚያ ሴሚስተር ኮርስ ሁሉ «ኤፍ» ሆኖ ይጠብቃችኋል።